ማክስ30102 ከኢኤስፒ32 ጋር፦ የኦክስጅን ንባቡ ይዘላል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ሆኖ ለሚታከም የሳንባ ሕመምተኛ የልብ ምትና የደም ኦክስጅን የሚልክ መሣሪያ እየሠራሁ ነው፦ ማክስ30102 ሴንሰር (ጣት ላይ ብርሃን አብርቶ የሚለካ)፣ የኢኤስፒ32 ሰሌዳ (ዋይፋይ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር)፣ 2000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሊቲየም ባትሪ። በየደቂቃው ነቅቶ ዋይፋይ ይከፍታል፣ 15 ሰከንድ ያህል አንብቦና ልኮ ይተኛል። ሴንሰሩ አንዳንዴ ጭራሽ አይገኝም። ሲገኝም ኦክስጅኑ ከ97 ወደ 84 ወርዶ ወዲያው ይመለሳል። ባትሪውም ሦስት ቀን አይሞላም። ከየት ልጀምር?

መልስ 1
ከሞጁሉ ይጀምሩ። ብዙዎቹ ርካሽ ሞጁሎች ላይ የኤስዲኤና የኤስሲኤል መስመሮች (ሴንሰሩና ሰሌዳው የሚነጋገሩባቸው) 4.7 ኪሎኦም ሪዚስተሮች የተያያዙት ከ1.8 ቮልት ጋር ነው፤ ኢኤስፒ32 ግን "1" ብሎ የሚቀበለው ከ2.5 ቮልት ገደማ ጀምሮ ነው፤ ሴንሰሩ አንዳንዴ የማይገኘው በዚህ ሊሆን ይችላል። መስመሮቹ ሥራ ፈተው ሳለ በመልቲሜትር ይለኩ። 1.8 ካሳየ ሪዚስተሮቹን ያንሱና ሌላ ሁለት 4.7 ኪሎኦም ከ3.3 ቮልት ጋር ይበይዱ።

ባትሪውን ሒሳቡ ይናገራል፦ ከ60 ሰከንድ 15ቱ በ100 ሚሊአምፔር፣ አማካዩ 25። የሰሌዳው ሬጉሌተር (ቮልቴጅ መቆጣጠሪያ) እና መብራት ተኝቶም የሚበሉት ሲጨመር 30 ይጠጋል። 2000ን ለ30 ሲያካፍሉ 67 ሰዓት ነው። ሲያነብ ዋይፋዩ ዝግ ይሁን፤ ንባቡን አጠራቅሞ በ15 ደቂቃ አንዴ ይላክ፣ አደገኛ ዝቅታ ካልታየ በቀር። ከመተኛቱ በፊት ሴንሰሩንም ያጥፉት፤ የሞድ ሬጅስተሩን (የሴንሰሩ አሠራር የሚመረጥበትን ቦታ) ቢት 7 ወደ 1 ማድረግ ይበቃል።

መልስ 2
84ቱ ድንገት የመጣ ቁጥር አይደለም። ሴንሰሩ ኦክስጅንን የሚያሰላው ከቀይና ከኢንፍራሬድ ብርሃኑ ጥምርታ ነው፤ ጣት ሲንቀሳቀስ የቀዩና የኢንፍራሬዱ ሞገድ እኩል ይወዛወዛሉ፣ ጥምርታቸው ወደ 1 ይጠጋል። በተለመደው ቀመር (110 ሲቀነስ 25 እጥፍ ጥምርታ) 1 ማለት 85 ነው። ስለዚህ እያዩት ያሉት የጣቱን እንቅስቃሴ ነው። አማካይ ማብዛት ስሕተቱን ያለዝበዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጥሬውን የኢንፍራሬድ ሞገድ በግራፍ ይዩት። አጥብቆ የሚይዝ መቆንጠጫ ደሙን ስለሚገፋው ሞገዱ ይጠፋል፤ ከላላም ጣቱ ይንሸራተታል። ለስላሳ ጥቁር ስፖንጅ ሁለቱንም ያስታርቃል፣ የውጭ ብርሃንም ይከለክላል።

ጠያቂ
ለካሁት፣ 1.8 ነው! መጥፎውን ንባብ በምን ልለየው?

መልስ 2
የሞገዱን ከፍታ ለቋሚው (ከምት ጋር ለማይለዋወጠው) ብርሃን አካፍለው በ100 ያባዙ። ከ0.5 በመቶ ካነሰ፣ ወይም የተከታታይ ምቶች ርቀት ከተዘበራረቀ፣ ቁጥር አይላኩ፤ "ንባብ የለም" ብለው ይላኩ። ንባቡን የምትከታተል ነርስ ባዶ ቦታ ካየች ደውላ ትጠይቃለች፣ የተሳሳተ 97 ካየች ግን አትደውልም። ቀመሩንም ፈቃድ ካለው የጣት ኦክሲሜትር ጋር ያስተያዩ፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ኦክሲሜትሮች ከእውነተኛው ከፍ አድርገው የማሳየት ዝንባሌ ስላላቸው የማስጠንቀቂያውን ወሰን ሐኪሙ ይወስነው።