ቀላፎ ላይ ከገበሬ ጋር ሽንኩርት በጋራ ማልማት፦ የወንዙን ጠባይ የምታውቁ ብትመክሩኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሶማሌ ክልል ሸበሌ ዞን፣ ቀላፎ ወረዳ ውስጥ፣ ከዋቢ ሸበሌ ዳር መሬት ካለው ወዳጄ ጋር ሽንኩርት ለማልማት አስበናል። እኔ የውሃ ሞተር፣ ነዳጅና ዘር ላቀርብ፣ እርሱ መሬቱንና የቤተሰቡን ጉልበት ሊያወጣ፣ ምርቱ ሲሸጥ ወጪዬን ካነሣሁ በኋላ የቀረውን እኩል ልንካፈል ተነጋግረናል። ያደግሁት ጅግጅጋ ስለሆነ የወንዙን ጠባይ አላውቅም። ችግኙን በየትኛው ወር ማዛወር ይሻላል? ይህ ዓይነቱ ውል ወዳጄን እንዳይጎዳስ ምን መጠንቀቅ አለብኝ?

የወንዝ ዳር ልጅ፦
ወንድሜ፣ እኔ የረር ባሬ ማኅበረሰብ ልጅ ነኝ፤ ወገኖቼ በቀላፎና በሙስታሂል ወንዙን ይዘው በማረስ ይታወቃሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቁት የሚገባው፣ ሙላቱን የሚያመጣው በእኛ ዘንድ የሚዘንበው ዝናብ ብቻ አለመሆኑን ነው። ወንዙ የሚነሣው ከባሌና ከአርሲ ደጋ ስለሆነ፣ በእኛ ሐጋ፣ ማለትም በደረቁ ወቅት፣ ሰማዩ ጠርቶ አቧራ በሚነፍስበት በነሐሴ እንኳ የደጋው ክረምት ሊሞላው ይችላል። በጉ (በሚያዝያ አካባቢ በሚጀምረው ዝናብ) እና በደይር (በጥቅምትና በኅዳር ዝናብ) ደግሞ የእኛም የደጋውም ዝናብ ይገጣጠማል። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. የደረሰው ሙላት ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በደይር የመጣውም እርሻ ጠርጎ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል።

አጎቴ በአንድ ሐጋ ሞተሩን ከውሃው ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ባለ ዳር ላይ ትቶት አደረ። ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቶ ስለነበር ማንም አልሠጋም፤ ሲነጋ ግን የሚታየው ከሞተሩ ተላቅቆ በቀይ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቱቦ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምልክት ያለው ዘንግ ዳሩ ላይ ተክሎ ማታ ማታ ያያል፤ በኢሚና በጎዴ ላሉ ዘመዶቹም እየደወለ ወንዙ እንዴት እንደዋለ ይጠይቃል። እርስዎም ሞተሩ በቀላሉ የሚጎተት እንዲሆን በጎማ ጋሪ ላይ ያሳስሩት።

ችግኙን በተመለከተ፣ የደይር ሙላት ከጎደለ በኋላ በታኅሣሥ መጀመሪያ ቢዛወር፣ እንደ ቦምቤ ሬድ ያለው ቶሎ የሚደርስ ዘር ጉ ሳይገባ ይነሣል። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ ወዳጅዎ ሙላቱ ሲሸሽ ርጥበትና ደለል የሚተውለት ረባዳ መሬት ካለው፣ እርሱን ለሽንኩርት አይንኩበት። ያለ ሞተርና ያለ ነዳጅ በቆሎና ማሽላ የሚያበቅለው፣ የልጆቹ ቀለብ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ከጎዴ ጫኝ፦
ስለ ወንዙ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ጭነቱ ልጨምር። ሽንኩርት ከጎዴ በቀብሪደሃርና በደገሃቡር አድርጎ ጅግጅጋ እስኪደርስ ረጅም የሙቀት መንገድ አለበት። ብዙ ገበሬ ክብደት እንዲጨምርለት እስከ መንቀያው ዋዜማ ያጠጣል። እንዲህ ያለውን ጭኜ ቀብሪደሃር ላይ ሸራውን ስገልጥ፣ ከታች ያሉት ጆንያዎች ውሃ አውጥተው ጠረኑ ከሩቅ ይጣራ ነበር፤ የተረፈውን በወረደ ዋጋ እዚያው በተንኩት። ስለዚህ ቅጠሉ አንገቱ ላይ መውደቅ ሲጀምር፣ ከመንቀሉም ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስቀድማችሁ ውሃውን አቁሙ፤ ከተነቀለም በኋላ አንገቱ እስኪደርቅ በጥላ ሥር አሰጡት። የወንዙ ዳር ሁሉ በአንድ ሰሞን ስለሚነቅል ዋጋው ያን ጊዜ ይወርዳል፤ ለጥቂት ሳምንታት መቆየት የሚችለው በደንብ የደረቀው ብቻ ነው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወዳጄን ስጠይቀው በእርግጥ ረባዳ መሬት አለው፤ አንነካውም። አሁን የሚያሳስበኝ ሙላት መጥቶ ሁሉንም ቢወስድ የነዳጁ ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው፤ ስንነጋገር ይህን አላነሣነውም።

የግብርና ባለሙያዋ፦
ወንድሜ፣ ዋናው ጥያቄ እርሱ ነው። በወንዙ ዳር ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት፣ ምርት ሲጠፋ የሞተሩ ባለቤት የነዳጁን ዋጋ በገበሬው ላይ በዕዳ እንደሚጽፍና፣ ገበሬው በሚቀጥለው ወቅት ዕዳውን ለመክፈል ሲል ለዚያው ሰው በባሰ ድርሻ እንደሚሠራ ነው። አንዲት እናት እንዲህ ያለውን ዕዳ ለመዝጋት በቤት የቀራትን የዘር ማሽላ ሰፍራ ስትሰጥ ቆሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ሙላት የወሰደው ነዳጅ የእርስዎ፣ የወሰደው ጉልበት የእርሱ ኪሳራ ሆኖ እንዲቀር፣ ወደ ሌላ ወቅትም እንዳይሻገር፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በሽማግሌዎች ፊት ተስማሙ። ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ሁለታችሁም የምትፈርሙበት ደብተር ይኑር፤ እርሱ ማንበብ የማይችል ከሆነ ልጁ ታንብብለት። ከማሳው ጥቂቱንም ሰሊጥ ዝሩበት፤ ሰሊጥ ከሽንኩርት ያነሰ ውሃ ይፈልጋል፣ ከታጨደም በኋላ በጆንያ ሆኖ የተሻለ ዋጋ ይጠብቃል።

ጠያቂ፦
እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በመጪው ሳምንት ቀላፎ ወርጄ፣ የነዳጁን ነገር እንዳሉት በሽማግሌዎች ፊት አድርገን ውሉን እንደገና እንጽፈዋለን።