ለፉድ ትሬለር የሚሆን ፒካፕ፦ ፎርድ፣ ሼቪ ወይስ ራም?

የአውሮራው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴ ጋር ፉድ ትሬለር፣ ማለትም ምግብ የምንሸጥበት ተጎታች፣ ገዝተናል። ውሃው ተሞልቶ፣ ጋዙ ተገጥሞ፣ ዕቃው ሁሉ ገብቶበት ሚዛን ላይ ሲወጣ 6,500 ፓውንድ ሆነ። የምንኖረው ኮሎራዶ ነው፣ አውሮራ። በአዘቦት ቀን ከቤት እስከ ዴንቨር መሃል 10 ማይል ብንነዳ ነው። በጋ ላይ ግን ቅዳሜና እሁድ በአይ-70 አውራ ጎዳና ሽቅብ ወጥተን ተራራው ላይ ያለችው ፍሪስኮ ከተማ ድረስ ልንሠራ አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴና የሚያግዙን ሁለት ልጆች አብረን ነው የምንሄደው።

ትሬለሩ አለ፣ የሚጎትተው የለም። ላገለገለ ፒካፕ 32 ሺህ ዶላር ይዘናል። የባለቤቴ ወንድም «ናፍጣ ራም ካልሆነ ገንዘብህን ውሃ በላው በል» ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ ከፎርድ ውጭ ያለውን መኪና ብሎ አይጠራውም። ጎረቤቴ ደግሞ የሼቪ ሰው ነው፤ የፎርድ ስም ሲነሳ ፊቱ ይለዋወጣል። ለእኔ መኪና ማለት ቁልፍ ሲዞር የሚነሳ ዕቃ ነው። እባካችሁ ሳትጣሉ ንገሩኝ።

ባሌስትራ፦

ወንድሜ፣ ሳይጣሉ ስለ ፒካፕ ማውራት አይቻልም። ግን እሞክራለሁ።

እኔ ቴክሳስ ነኝ፣ ጋርላንድ። በ15 ዓመት ውስጥ አምስት ፒካፕ ይዣለሁ፣ ከሦስቱም ድርጅት። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቴ በር ላይ የምትነግራቸው «ስለ መኪና እንዳትጠይቁት» ብላ ነው። አንተ ጠይቀሃል፣ እንግዲህ ቻለው።

ከማርኩ በፊት በሩን እይ። የሾፌሩን በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ ነጭና ቢጫ ተለጣፊ አለ። የሰውና የጭነት ክብደት ተደምሮ ከዚህ ቁጥር መብለጥ የለበትም ይላል። ቁጥሩ የዚያች መኪና ብቻ ነው። አጠገቧ የቆመችው፣ በስምም በዓመትም አንድ የሆነችው፣ ሌላ ቁጥር ሊኖራት ይችላል። የሚከፈት ጣሪያ፣ ትልቅ ጎማ፣ በኤሌክትሪክ የሚወርድ መርገጫ በተጨመረ ቁጥር የሚቀነሰው ከእሱ ላይ ነው። ለዚህ ነው ቅንጡዎቹ ብዙ መጫን የማይችሉት። 1,200 ፓውንድ አካባቢ ብቻ የሚሉ፣ በቆዳ የተለበጡ ፒካፖች በዓይኔ አይቻለሁ። ድሮ «ሃፍ ተን» የሚባለው ግማሽ ቶን፣ ማለትም 1,000 ፓውንድ ስለሚጭን ነበር። እነዚያ ቅንጡዎች ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ ወደ ስማቸው ተመልሰዋል።

አሁን ያንተን እናስላ። ትሬለር ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶውን ፒካፑ ላይ ያሳርፋል። ካንተ 6,500 ላይ 13 በመቶ ብንወስድ 845 ፓውንድ ነው። አራት ሰው በአማካይ 170 ቢመዝን 680። ድምር 1,525። ትሬለሩን ከፒካፑ ጋር አያይዞ ክብደት የሚያከፋፍለው ሂች ራሱ ብረት ነው፣ ጨምርበት። የበረዶ ሳጥን ኋላ ላይ ማስቀመጣችሁም አይቀርም። ስለዚህ ተለጣፊው ላይ ከ1,700 በታች ካየህ በሩን ዝጋና ሂድ። ማስታወቂያው «12 ሺህ ፓውንድ ይጎትታል» ቢልም ሂድ። በሬ ሆይ በሬ ሆይ የተባለው ለዚህ ነው፤ ሳሩ የመጎተቱ ቁጥር ነው፣ ገደሉ በሩ ላይ ተለጥፏል።

ወደ ማርኩ ልምጣ፣ ካልሆነ አታስተኙኝም።

ፎርድ በ1925 ሞዴል ቲ ላይ የጭነት ሳጥን ገጥሞ በ281 ዶላር ሲሸጥ ነው ፋብሪካ የሠራው ፒካፕ ብሎ የጀመረው። እነ ኤፍ-150 ያሉበት ኤፍ-ሲሪስ የመጣው በ1948 ነው። ከ1977 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በሽያጭ የሚቀድመው ፒካፕ የለም። እኔ የማከብራቸው ግን በ2015 በሠሩት ነገር ነው። ብዙ ገንዘብ የሚያስገባላቸውን ኤፍ-150 ገላውን ከብረት ወደ አሉሚኒየም ቀየሩት። እንዲህ ያለ ቁማር የሚጫወት ትልቅ ድርጅት ብዙ የለም። በ2016 ሼቪ በማስታወቂያ ድንጋይ ከላይ አራግፎ የፎርድን ሳጥን በስቶ አሳየ። ሳቅኩ፣ ደስም አለኝ። ግን አንተ ኋላህ ላይ ድንጋይ አታራግፍም፣ ሽንኩርት ነው የምትጭነው።

አሉሚኒየሙ አይዝግም። ሻሲው ግን አሁንም ብረት ነው። ይህን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። ሁለተኛውን ፒካፔን የገዛሁት ከኦሃዮ ነበር፣ በፎቶ። ማርኩን ተዉት። ሥሩ ጥቁር ሆኖ ያበራል፣ አዲስ መሰለኝ። ለካ ዝገቱን በቀለም ሸፍነውት ነው። ዘይት ልቀይር ሥሩ ገብቼ ሻሲውን በመዶሻ መታ ባደርገው መዶሻው ገባ። እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። ያን ቀን እዚያው ሥሩ ተንጋልዬ ብዙ ቆየሁ። የናንተም መንገድ ላይ በክረምት ማግኒዚየም ክሎራይድ የሚባል የበረዶ ማቅለጫ ጨው ስለሚረጭ መዶሻህን ይዘህ ሂድ።

ሼቪ ሲልቨራዶና ጂኤምሲ ሲየራ መንትያ ናቸው፣ ሁለቱንም የሚሠራው ጄኔራል ሞተርስ ነው። ፊታቸውና ዋጋቸው ነው የሚለየው። ልቤ ያለው እዚህ ነው። የጄኔራል ሞተርስ ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደሩ፣ ከ1955 ጀምሮ በአንድ ሐሳብ እየተሻሻለ የመጣ ሞተር ነው፤ ቀላል፣ ትንሽ ቦታ የሚይዝ፣ መለዋወጫው የትም የሚገኝ። የማልወድለት ነዳጅ ለመቆጠብ ግማሹን ሲሊንደር እያጠፋ የሚያበራውን ዘዴ ነው። ለትንሽ ቤንዚን ብሎ ሞተሩ ላይ የሚበላሽ ነገር መጨመር። በ2025 ደግሞ ከ2021 እስከ 2024 የተሠሩ፣ 6.2 ሊትር ሞተር ያላቸው ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ መኪኖች በሞተር ችግር እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ለጥገና ተመልሰው እንዲመጡ ተጠርተዋል። ቶዮታ ይሻለኛል የምትሉም ቀስ በሉ። በ2024 ከ2022 እና 2023 ምርት ወደ 100 ሺህ ገደማ ተጠርቷል፣ ቱንድራ አለበት። ንጹሕ የለም።

ራም በምቾት ይበልጣል። ከ2009 ጀምሮ 1500ው ኋላው ላይ ባሌስትራ የለውም፣ በሞላ ነው የተሠራው። ባዶውን ስትነዳው እንደ ሴዳን ነው። ስሜን አይታችሁ ምን እንደምል ገምቱ። ሄሚውን ቪ8 ከ2025ቱ 1500 አውጥተው ባለ ስድስት ሲሊንደር ባለ ሁለት ቱርቦ ተኩበት፤ ሰው ጮኸ፤ ለ2026 መለሱት። ደንበኛ የሚሰማ ድርጅት ነው በል፣ ወይ ምን እንደሚፈልግ የማያውቅ።

አንድ ነገር ለጎረቤትህና ለባልደረባህ ንገርልኝ። ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ ባለ 10 ማርሹን አውቶማቲክ ካምቢዮ አብረው ነው የሠሩት። ፎርድ ባለ 10ሩን መራ፣ ጄኔራል ሞተርስ ባለ 9ኙን። እነሱ ስብሰባ ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ ደጋፊው ፓርኪንግ ላይ ይሰዳደባል።

ያንተ ጉዳይ የሚወሰነው ግን በከፍታ ነው። ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ ነው። ወደ ፍሪስኮ ስትወጣ የምታልፍበት አይዘንሃወር ዋሻ ከ11 ሺህ ጫማ በላይ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ቤትህ በር ላይ 15 በመቶው የለም፣ ዋሻው ጋ ስትደርስ ሲሶው። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ይህ ብዙም አይነካውም። እኔ የቪ8 ድምፅ ሲሰማ ልቡ የሚሞቅ ሰው ነኝ። ላንተ ግን ባለ 3.5 ሊትር ኢኮቡስት፣ ማለትም ባለ ቱርቦ፣ ኤፍ-150 ግዛ እላለሁ። ከ2018 እስከ 2020፣ ኤክስኤልቲ የሚባለው ደረጃ፣ የጨርቅ ወንበር፣ የመጎተቻ ፓኬጅ ያለው። 375 የፈረስ ጉልበት፣ 470 ፓውንድ-ጫማ ቶርክ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሳው። መጀመሪያ ላይ የሚንኳኳ ድምፅ ከሰማህ ቫልቩ የሚከፈትበትን ጊዜ የሚያስተካክለው የካም ፌዘር ነገር ሊሆን ይችላል፣ ጥገናው ውድ ነው። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀህ «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» በለው።

ስድስት በመስመር፦

ባሌስትራ የቤንዚን ሰው ስለሆነ ናፍጣን ዘሎታል። እኔ ልናገር። ሚኒሶታ ነኝ፣ ከመኪና ማጓጓዝ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ፣ ሦስት መኪና የጫነ ትሬለር በራም 3500 ስጎትት ኖሬያለሁ።

ራም ያኔ በዶጅ ስም ነበር የሚሸጠው። ዶጅ በ1989 የከሚንስን 5.9 ሊትር የናፍጣ ሞተር ሲገጥም 160 የፈረስ ጉልበትና 400 ፓውንድ-ጫማ ነበረው። ዛሬ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ያኔ ግን የእርሻ ማሽን ሞተር ነው ፒካፕ ውስጥ የገባው። ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ብረት ብቻ። ዶጅ ገበያው ላይ ያን ሁሉ ዓመት ሦስተኛ ሆኖ ያልሞተው በዚህ ሞተር ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ወንድማችን ደግሞ ሽቅቡን ብቻ ነው ያሰበው። ቁልቁለቱስ? አይ-70 ከዋሻው ወዲህ 6 በመቶ እየወረደ ስንት ማይል ነው? ፍሬን ለጠፋበት ከባድ መኪና ማምለጫ መንገድ የተሠራበት ነው። ናፍጣ ፒካፕ በጭስ ማውጫው በኩል ሞተሩን አንቆ ይይዝልሃል። ፍሬኑን ሳትነካ ትወርዳለህ። የሚስትህ ወንድም አልተሳሳተም።

ባሌስትራ፦

ቁልቁለቱን አለማንሳቴ ጥፋቴ ነው። ተቀበልኩ። እዚህ ቴክሳስ ቁልቁለት የሚባለው የፓርኪንግ መውጫ ነው።

ግን የሚነዳበትን እይ። 10 ማይል ሄዶ ቀኑን ሙሉ ይቆማል፣ ማታ 10 ማይል ይመለሳል። የዛሬ ናፍጣ ጥላሸቱን የሚይዝ ማጣሪያ አለው፤ ራሱን አቃጥሎ ለማጽዳት ደህና አድርጎ መሞቅና ረጅም መሄድ አለበት። በአጭር ጉዞ ይታፈናል። አውጥተህ ጣለው የሚሉህ አሉ፣ የፌዴራል ሕግ መጣስ ነው። አንተ ስቴት አቋርጠህ ስለምትነዳ ችግሩን አታውቀውም። በ32 ሺህ የሚገኘው ናፍጣ ደግሞ ማይሉ ስንት ይሆናል?

ቁልቁል ሲሆን የካምቢዮውን «ቶው-ሆል» የሚባለውን የመጎተቻ ሞድ አብራ። ራሱ ማርሽ ቀንሶ ይይዝሃል። እንደ ናፍጣው አይሆንም፣ ለ6,500 ግን ይበቃል። ትሬለሩ የራሱ ፍሬን ከሌለው አትውረድ።

ስድስት በመስመር፦

በየቀኑ 10 ማይል ከሆነስ እውነቱን ነው። በሳምንት አንድ ቀን ተራራ ቢወጣም ማጣሪያውን አያድነውም። ልቤ አልተቀየረም፣ ምክሬ ግን ተቀይሯል።

ሃይሉክስ ናፋቂ፦

ሃይሉክስ ለምን እዚህ አይሸጥም? ቢኖር ይህ ሁሉ ክርክር አያስፈልግም ነበር።

ባሌስትራ፦

ዶሮ ነው ምክንያቱ። አልቀለድኩም። በ60ዎቹ ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ጨመሩ። አሜሪካ ብድሯን ስትመልስ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ከውጭ በሚገባ ትንሽ የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ጣሉ፤ ከ1964 ጀምሮ። ዶሮው ተረሳ፣ ቀረጡ ቀረ። ሱባሩ ብራት የምትባለዋ ፒካፕ ሳጥኗ ውስጥ ወደ ኋላ የዞሩ ሁለት ወንበሮች የነበሯት «የሰው መኪና ናት» ለማለት ነው። የሚያስቀው፣ ይህ ቀረጥ የሚጠብቀው ፎርድ ራሱ ከቱርክ የሚያስመጣቸውን ቫኖች ወንበር አድርጎ እያስገባ፣ ወደብ ሲደርሱ ወንበሩን ሲነቅል ተገኝቶ በ2024 365 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ለማንኛውም ሃይሉክስ 6,500 ፓውንድ ይዞ አይዘንሃወር ዋሻ ሲወጣ ማየት አልፈልግም። እወደዋለሁ፣ ስለምወደው ነው።

የአውሮራው፦

ተባረኩ። ትናንትና ዛሬ ሦስት መኪና አየን።

የመጀመሪያው በጣም ያምራል፤ ባለቤቴ ገብታ ለመውጣት እምቢ አለች። በሩን ከፍቼ ተለጣፊውን ሳነብ 1,140። ሻጩ «ምን እያየህ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ለካ እሱም አንብቦት አያውቅም። ሁለተኛው ሥሩ በጥቁር ቀለም ያበራል። መዶሻዬን ሳወጣ ሰውዬው «ተወው፣ ተወው» አለኝ።

ሦስተኛው የ2019 ኤፍ-150 ኤክስኤልቲ ነው። 3.5፣ 71 ሺህ ማይል፣ ተለጣፊው 1,790። ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሄጄ ኮፈኑ ላይ እጄን አሳርፌ ቀዝቃዛ መሆኑን አየሁ፣ ከዚያ አስነሳነው። ምንም አልተንኳኳም። የባለቤቴ ወንድም አብሮኝ ነበር፤ ዞሮ ዞሮ «ያው ፎርድ ነው» አለና መኪናው ውስጥ ገብቶ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛ። 29,800 ይላሉ።

ባሌስትራ፦

ዳሽቦርዱ ላይ የትሬለር ፍሬን መቆጣጠሪያ መኖሩን እይ፣ ከሌለ ዋጋ አስቀንስበት። ከገዛህ በኋላ አራታችሁም ገብታችሁ፣ ትሬለሩን ከነሙሉ ዕቃው አያይዘህ፣ ትራክ ስቶፕ ላይ ያለ ካት ስኬል የሚባል የመኪና ሚዛን ላይ ውጣ። ወረቀቱን ስትቀበል ቁጥሩን እዚህ ለጥፍልኝ።