ኮሞ ሐይቅ በፍልሰታ፦ ጾመኛ እናት ይዞ ከሚላኖ ደርሶ መልስ ይቻላል?

የጉለሌው

ሰላም ወገኖች። ሚላኖና አካባቢዋ የምትኖሩ እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ።

እኔ ያለሁት ፍራንክፈርት ነው። እናቴ ስንት ጊዜ ተከልክላ ዘንድሮ ቪዛ ተሰጣትና መጣችልኝ። ነሐሴ እንደገባ ይዣት ሚላኖ የአክስቴ ልጅ ጋ እሄዳለሁ። እሱ ቀን ቀን ሥራ ላይ ስለሆነ እኔና እሷ ብቻችንን ነን። ኮሞ ሐይቅ ልወስዳት አስቤያለሁ። መኪና የለንም። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እማዬ ስድሳዎቹን አጋምሳለች። ቤተ ክርስቲያን በየጠዋቱ በእግሯ ነው የምትሄደው፤ ዳገት ምንም አይላትም። ቁልቁለት ግን ጉልበቷን ያማታል። ደግሞ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትጾመው። «መንገደኛ ነሽ፣ ይፈቀድልሻል» ብላት ጆሮ ዳባ ልበስ። ዓሣም በጾም አትነካም። እኔ ደግሞ የአገሩን ምግብ መቅመስ እፈልጋለሁ። ፒዛማ ፍራንክፈርትም ሞልቷል።

ሌላው የእሷ ጥያቄ ነው። አባቷ አርበኛ ነበሩ። «ሙሶሎኒ የተገደለው እዚያ ሐይቅ ዳር ነው አሉ፣ ቦታውን አሳየኝ» ብላኛለች። እውነት ነው? ያለ መኪናስ ይደረሳል?


ፖርታ ቬኔዚያ

እንኳን እናትህ በሰላም መጡልህ። ነገር አታወሳስብ፣ ኮሞ ከተማ ሂዱ። ከካዶርና ጣቢያ ኮሞ ላጎ የሚደርሰውን ባቡር ያዙ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስትወርዱ ውሃው እዚያው ነው፣ የጀልባው መሳፈሪያም እዚያው። ከዚያ ብሩናቴ የምታወጣዋን ፉኒኮላሬ፣ በገመድ የምትጎተተዋን ባቡር፣ ተሳፈሩ። በፈረንጆቹ 1894 የተከፈተች ናት። ተራራውን ቀጥ ብላ በሰባት ደቂቃ ታወጣችኋለች። እናትህ ቁልቁለት አይነካቸውም፣ በዚያችው ይመለሳሉ። ከብሩናቴ በላይ ለአሌሳንድሮ ቮልታ መታሰቢያ የተሠራ የመብራት ማማ አለ። ባትሪን የፈለሰፈው ሰውዬ የኮሞ ልጅ ነው።

ምግብ ግን ውሃው ዳር አትብሉ፣ ዋጋው ያስደነግጣል። ማታ ሚላኖ፣ ፖርታ ቬኔዚያ ሰፈር ኑና የጾም በያይነቱ ብሉ። ሰፈሩን የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቶታል።


ባዳንቴዋ

ወንድሜ፣ ከላይ ያለው ምክር መጥፎ አይደለም። ግን ኮሞ ከተማ ደርሶ ሐይቁን አየሁት ማለት ይከብዳል። ሐይቁ ወደ ደቡብ ለሁለት ይከፈላል። ኮሞ ያለችው በአንደኛው ጫፍ ነው፣ ሌኮ በሌላኛው። ዓይን የሚያጠግበው ሦስቱ ክንዶች የሚገናኙበት መሃሉ ነው።

ቤላኖ በምትባል ትንሽ ከተማ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ስጦር ረጅም ጊዜ ኖሬያለሁ። አሁን ሚላኖ ነኝ። ተቀማጭ ሠራተኛ የሚያርፈው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ መሆኑን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሐሙስ ከሰዓት ሚላኖ ደርሶ ለመመለስ አይሞላም። ስለዚህ ሐሙሴን የጨረስኩት እዚያው ሐይቅ ዳር በእግሬ ስዞር ነው።

ከሚላኖ ቼንትራሌ ጣቢያ ወደ ሶንድሪዮና ቲራኖ የሚሄደውን ባቡር ያዙና ቫሬና ውረዱ። አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። በግራ በኩል ተቀመጡ። ከሌኮ በኋላ በየመሃሉ ዋሻ ቢጋርደውም ሐይቁ ከመስኮቱ አይጠፋም። የመመለሻውንም ትኬት ሚላኖ ላይ ቁረጥ፣ ማታ ለዚያ አትሰለፍም። የወረቀት ትኬት ከሆነ ከመሳፈርህ በፊት ማሽኑ ላይ ምታው። ተቆጣጣሪ ፊት «አላወቅኩም» አይሠራም። በነሐሴ ባቡሩ ሰውና ሻንጣ ብቻ ነው፤ ቀደም ብለህ ግባና ለማዘር ወንበር ያዝ።

ቫሬና ላይ የወረደው ሰው ተንጋግቶ ወደ ጀልባው ይሮጣል፣ ቤላጆ ለመሻገር። ተዋቸው ይሂዱ። ቤላጆ ቆንጆ ናት፣ አልዋሽም። ግን በነሐሴ ቀትር ላይ ደረጃዎቿ ላይ ሰው በሰው ነው፣ ለእናትህ ጉልበትም አትሆንም። እናንተ በውሃው ዳር የተሠራችውን፣ ቀይ የብረት መደገፊያ ያላትን መንገድ ይዛችሁ ወደ መንደሩ ግቡ። መቼም ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው እንደዚያች መንገድ ያለ የለም። ከመንደሩ ወደ ደቡብ ግማሽ ሰዓት ያህል ብትሄዱ ፊውሜላቴ የምትባል ወንዝ አለች። ርዝመቷ 250 ሜትር ቢሆን ነው። ከተራራው ሆድ አረፋ ለብሳ ትወጣና ወዲያው ሐይቁ ውስጥ ትገባለች። በብርዱ ወራት ትደርቃለች፣ በበጋቸው ግን ትፈሳለች። እናትህ የጠበል ሰው ከሆኑ ከዚያ ማስነሳት ይከብድሃል።

ከቫሬና በላይ ቬዚዮ የሚባል የድሮ ምሽግ አለ። ሁሉም ውጡ ውጡ ይላችኋል። ለማዘር አልመክርም። መውጣቱን ይወጡታል፣ መውረጃው ግን ድንጋይ የተነጠፈበት ቁልቁለት ነው።

አንተ ብቻህን የምትመጣበት ቀን ካለ ሴንቲዬሮ ዴል ቪያንዳንቴን ሂድበት። የድሮ መንገደኛና የበቅሎ መንገድ ነው። የሐይቁን ምሥራቅ ዳርቻ ይዞ እስከ ኮሊኮ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ደስ የሚለው ነገር ባቡሩ ከታች አብሮት ይሄዳል፤ ሲደክምህ ወደሚቀጥለው ጣቢያ መውረድ ነው። ከቫሬና ቤላኖ ያለው ቁራጭ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ቢወስድህ ነው። ብርቱካናማ ምልክቱን አትልቀቅ። ስኒከር ይበቃል፣ በነጠላ ጫማ ግን እንዳትሞክረው። ቤላኖ ስትደርስ ኦሪዶ የሚሉትን ገደል ግባ። ፒዮቬርና የሚባለው ወንዝ አለቱን ሰንጥቆት ሲወርድ ገደሉ ላይ በተንጠለጠለ መረማመጃ ሆነህ ታየዋለህ። ሐሩር በሆነ ቀን እንኳ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ይሄኛውን እናትህም ይችሉታል። ቤላኖ ከቫሬና ቀጥላ ያለች ጣቢያ ናት።

አሁን ወደ ሆድ እንምጣ። እዚያ አገር የምግብ ቤት ኩሽና ስምንት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይዘጋል። እናትህ እህል የሚቀምሱት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ገባህ? በግማሽ ሰዓት ምክንያት እስከ ማታ አንድ ሰዓት የሚቀመስ የበሰለ ነገር አታገኙም። ስለዚህ ቋጥራችሁ ሂዱ። የአክስትህ ልጅ ቤት እንጀራ ካለ እሰየው። ከሌለም ከመንደሩ ሱቅ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ወይራና ኮክ ግዛ። የነሐሴ ኮክ እዚህ አገር ጉድ ነው። ፎካቻ የሚሉትን ጠፍጣፋ ዳቦ ከገዛህ ጠይቅ፣ አንዳንዱ የአሳማ ስብ ይገባበታል። ጄላቶ (አይስክሬሙ) ለማዘር አይሆንም፣ ወተት ነው። ወተት የሌለበት የፍራፍሬ ሶርቤቶ አለ፣ የሎሚውን ይውሰዱ።

ራት እዚያው የምትበሉ ከሆነ ፖሌንታ እዘዝላቸው። የበቆሎ ገንፎ ነው በላቸው፣ ይገባቸዋል። ሲኞራዬ በመዳብ ድስት አርባና ሃምሳ ደቂቃ ታማስለው ነበር። ክንዷ ሲደክም ማማሰያውን እቀበላታለሁ። «ይቺ ልጅ ይሄን የት ተማረች?» እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። ገንፎ ሳያገነፋ ያደገ ማን አለ! ግን ተጠንቀቅ፣ ፖሌንታ ኡንቻ የሚሉት በቅቤና በአይብ የራሰ ነው። አንተ «ፖሌንታ ኤ ፉንጊ፣ ሴንዛ ቡሮ፣ ሴንዛ ፎርማጆ» በል። እንጉዳይ ያመጡልሃል፣ ቅቤና አይቡ ይቀራል። ሪዞቶ የሚሉትን የሩዝ ምግብ አትመን፣ መጨረሻ ላይ ቅቤ ይገባበታል፣ መረቁም የሥጋ ሊሆን ይችላል። ፒዞኬሪም እንደዚያው ነው። ግራኖ ሳራቼኖ ከሚሉት ጠቆር ያለ እህል የተሠራ ፓስታ ነው፣ ጎመንና ድንች አለው፣ ሲያዩት የጾም ይመስላል። ግን በቅቤና በካዜራ አይብ ነው የሚቀርበው። እሱን አንተ ብላው።

አንተ ደግሞ ሚሶልቲኒ ሳትቀምስ እንዳትመለስ። አጎኒ የሚባል የሐይቁ ዓሣ ነው። ሆድ ዕቃው ወጥቶ በጨው ይታሻል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ከሎሬል ቅጠል ጋር ተደራርቦ ይጨመቃል። ሲበላ በፍም ይጠበስና ኮምጣጤ ይደረግበታል፣ በፖሌንታ ነው። ሽታው ኃይለኛ ነው። ሲኞራዬ ስትጠብሰው መስኮት ሁሉ እከፍት ነበር። መጀመሪያ አፍንጫዬን ይዤ ነበር የምቀምሰው፣ አሁን ይናፍቀኛል። እሱን ከፈራህ ሩዝ በፐርሲኮ ዓሣ እዘዝ፣ ያንን ማንም ይወደዋል። ሂሳቡ ላይ ኮፔርቶ የሚል ታያለህ፣ የመቀመጫ ነው፣ አትደንግጥ።


የታሪክ ሰው

የእናትህን ጥያቄ ልመልስ። አዎ፣ እውነት ነው። ሙሶሎኒ የተያዘው በሐይቁ ሰሜናዊ ክፍል፣ ዶንጎ ላይ ነው። የጀርመን ካፖርትና የብረት ቆብ አድርጎ፣ ከሚሸሹ ጀርመኖች ጋር መኪና ላይ ተቀምጦ ሳለ የጣሊያን ፓርቲዛኖች፣ ፋሺስትን የሚዋጉት ሽምቅ ተዋጊዎች፣ ለዩት። ቀኑ ሚያዝያ 19 ቀን 1937 ነው በእኛ። በማግሥቱ ሚያዝያ 20 ጁሊኖ ዲ ሜዜግራ የምትባል መንደር ወስደው ከውሽማው ከክላሬታ ፔታቺ ጋር ቪላ ቤልሞንቴ የሚባል ቤት በር ላይ ረሸኑት። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡበት አራተኛ ዓመት ሊሞላ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ይሄን ለእናትህ ንገራቸው።

ቦታው ላይ ብዙ ነገር አትጠብቁ። የግል ቤት ነው። በሩ አጠገብ መስቀል አለ። ውጭ ቆሞ ማየት ነው። በሚያዝያ የሰውዬው ናፋቂዎች ይሰበሰባሉ፣ በነሐሴ ግን ጸጥ ያለ ነው። ከቫሬና ሌኖ ላይ የሚቆም ጀልባ ፈልጉ፣ ሁሉም አይቆምም። ካጣችሁ በመኪና ማሻገሪያው ጀልባ ካዴናቢያ ተሻገሩና ወደ ኮሞ የሚሄደውን ሲ 10 አውቶቡስ ያዙ። ከሌኖ ሽቅብ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። መንገዱ አስፋልት ስለሆነ መውረዱም ደረጃ የለበትም፣ ረጋ ብለው ይወርዱታል።

ዶንጎ ስለ ጦርነቱ ፍጻሜ ሙዚየም አለ፤ ለአንድ ቀን ግን ሩቅ ነው። ይልቅ ሚላኖ ስትመለሱ ከፖርታ ቬኔዚያ ኮርሶ ቡዌኖስ አይረስን ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። መጨረሻው ፒያሳሌ ሎሬቶ ነው። ሬሳውን ዘቅዝቀው የሰቀሉት እዚያ ነው፣ ሚያዝያ 21። አሁን የመኪና መዓት የሚዞርበት አደባባይ ነው።


የጉለሌው

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ባዳንቴዋ፣ የዘጠኝ ሰዓቱን ነገር ስታነሺ እማዬ አጠገቤ ነበረች፤ «ይቺ ልጅ የሰው ልጅ ናት» አለች። እንግዲህ ቫሬና ጠዋት፣ ከዚያ ሌኖ ተሻግረን ጁሊኖ። ሁለቱ በአንድ ቀን ይሆናሉ? ፌራጎስቶ የሚሉትስ ነገር ያስቸግራል?


ባዳንቴዋ

አሜን፣ እናታችንን ሳምልኝ።

ፌራጎስቶ ነሐሴ 9 ነው፣ በእነሱ ኦገስት 15። የእነሱም የፍልሰታ በዓል ነው እኮ፣ ግን ጾም የለበትም፣ ሽርሽር ነው። በዚያ ሰሞን ሚላኖ ባዶ ይቀራል፣ ሰው ሁሉ ውሃ ዳር ነው። እናንተ ከዚያ በፊት፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሂዱ።

ሁለቱ ይሆናሉ፣ ፊውሜላቴን ከተዋችሁ። አምስት ሰዓት ላይ ጀልባ ውስጥ ሁኑ። ከጁሊኖ ወርዳችሁ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሌኖ ውሃው ዳር ጥላ ፈልጉና ቋጠሯችሁን ፍቱ። ከዚያ ግሪንዌይ የሚባለውን የእግር መንገድ ወደ ትሬሜዞ ያዙት። ሙሉው ከኮሎኖ እስከ ካዴናቢያ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ እናንተ ግን ትሬሜዞ ወይም ካዴናቢያ ስትደርሱ በጀልባ ትመለሳላችሁ። ይህኛው ቁራጭ ለጉልበት አይከብድም።

እናትህ አሁንም ጉልበት ካላቸውና ሌላ ቀን ካላችሁ ኦሱቾ ውሰዳቸው። ከመንደሩ ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው መንገድ ላይ 14 ትንንሽ ጸሎት ቤቶች አሉ። በየውስጣቸው የጌታና የእመቤታችን ታሪክ በሰው ቁመት በተሠሩ ምስሎች ይታያል። ዩኔስኮ መዝግቦታል። ዳገት ነው፣ ግን በየጸሎት ቤቱ እየቆሙ ስለሚሳለሙ አይታወቃቸውም። ሲወርዱ ክንዳቸውን ያዝ።

የመጨረሻውን ጀልባ ሰዓት ጠዋት ስትሻገር ፎቶ አንሳው። ከሌኖ ቀደም ብሎ ነው የሚያልቀው።


ፖርታ ቬኔዚያ

እሺ ተሸነፍኩ፣ ኮሞ ከተማ ለሌላ ጊዜ። በያይነቱ ግን ቃሌ ቃል ነው። ስትመለሱ ጻፍልኝ፣ እናትህን እኔ ነኝ የምጋብዛቸው።