ክርክር፦ የሳይክሉን መንገድ ለባቡር መስጠት ልክ ነበር?

ፌንተን ሰፈር፦
ሰላም ለግሩፑ። ትናንት ስለ ፐርፕል ላይን (እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ከቤተስዳ በሲልቨር ስፕሪንግ አድርጎ ኒው ካሮልተን ስለሚሄደው፣ ገና እየተሠራ ስላለው ቀላል ባቡር) መጓተት ስናወራ አንድ ወንድማችን «ሲጀመርም የሳይክለኛውን መንገድ ቀምቶ ነው የመጣው» ብሎ ጥሎን ሄደ። ለብቻው ቢወራበት ይሻላል ብዬ እዚህ አመጣሁት።

ለአዲሶች ባጭሩ። ካፒታል ክሬሰንት ትሬይል ድሮ የዕቃ ባቡር መስመር ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቤተስዳ አድርጎ ጆርጅታውን ይወርዳል። ከ1910 ጀምሮ ድንጋይ ከሰልና የግንባታ ዕቃ ሲያመላልስ ኖሮ በ1985 ቆመ። ከዚያ ሐዲዱ ተነስቶ የእግርና የሳይክል መንገድ ሆነ። ከጆርጅታውን እስከ ቤተስዳ ያለው 7 ማይል አስፋልት ነው፣ ዛሬም ይነዳበታል። ከቤተስዳ ወደኛ፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በኩል የሚመጣው ግን ጠጠር ነበር፤ እሱም ሴፕቴምበር 2017 ላይ ለፐርፕል ላይን ግንባታ ታጠረ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ።

ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? ጻፉ። ስድብ ግን አይገባም።

ፔዳል፦
ልክ አልነበረም። ያን መንገድ ያላየ ሰው ስለምን እንደምናወራ አይገባውም። ቤተስዳ ላይ በዋሻው ገብተህ ዊስኮንሲን አቬኑን ከሥር ታልፋለህ፣ ከዚያ በኋላ ግራ ቀኙ ዛፍ ነው፤ በኦገስት ወበቅ እንኳ ፀሐይ አናትህን አታገኘውም። ሮክ ክሪክ ስትደርስ ደግሞ ከፍ ያለው የባቡር ድልድይ ነበር። መሃሉ ላይ ሳይክልህን አስደግፈህ ቁልቁል ስታይ የምታየው የዛፍ ጫፍ ነው። ድልድዩም ፈረሰ፣ ዛፉም ተቆረጠ። በምትኩ ባቡሩ በ2022 ይጀምራል ተባልን። አሁን የሚሉት ለ2027 መጨረሻ ወይ ለ2028 መጀመሪያ ነው። ያኔ ከኋላዬ በልጅ ወንበር ታስራ የምትሄደው ልጄ ቁመቷ እኔን ሊያክል ነው።

ሊሞ፦
ፔዳል ወንድሜ፣ በዛፉ አልከራከርህም። «ቀሙን» የምትለው ላይ ግን አንስማማም። መሬቱን ማን ለምን እንደገዛው አይተሃል? ባቡር የቆመበትን መስመር ለወደፊት ባቡር አቆይቶ እስከዚያው ትሬይል ማድረግ የሚፈቅድ የፌዴራል ሕግ በ1983 ወጣ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በዚያ ሕግ ተጠቅሞ ነው በ1988 መስመሩን በ10.5 ሚሊዮን ዶላር የገዛው። ሐሳቡም ከመጀመሪያው ባቡርም ትሬይልም ነበር። ያ ሕግ ባይኖር መስመሩ ተቆራርጦ ግማሹ የሰው ጓሮ ይሆን ነበር፣ አንተም አትነዳበትም ነበር። ጠጠር ሆኖ የቀረውም እኮ ጊዜያዊ ስለነበር ነው። በአደራ ቤት የተቀመጠ ሰው ባለቤቱ ሲመጣ «ተቀማሁ» አይልም።

ሌሊት ሺፍት፦
እኔ የምለው ሌላ ነው። የምኖረው ላንግሊ ፓርክ ነው፣ የምሠራው ቤተስዳ፣ አንድ አዛውንት ነው የምንከባከበው። መኪና የለኝም። ካርታ ላይ ሁለቱ ሰፈር ቅርብ ናቸው። በሜትሮ ልሂድ ካልኩ ግን ሬድ ላይን ከሲልቨር ስፕሪንግ ዲሲ መሃል ድረስ አውርዶኝ፣ ዞሮ እንደገና ወደ ላይ ነው ቤተስዳ የሚያወጣኝ። አውቶቡሱ ከመኪናው እኩል ይጋፋል፣ ዝናብ ከጣለማ አትጠይቁኝ። ፐርፕል ላይን ከቤተስዳ ኒው ካሮልተን 16 ማይል፣ 21 ጣቢያ ነው፤ አንዱ ሰፈሬ ነው። እናንተ ስለ ዛፍ ጥላ ታወራላችሁ፣ እኔ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ፌርማታ ላይ ቆሜ አንቀላፋለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ የጠገበ ሰው ጭቅጭቅ ነው።

ፔዳል፦
እህቴ፣ እኔም ጠግቤ አይደለም። በዚያ መንገድ የምሄደው ሥራ ነበር፣ ሥራዬም ሬስቶራንት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ሳይክል የሚነዳ ሁሉ ጠባብ ቁምጣ የለበሰ ጠበቃ አይደለም። ባቡር አይምጣ አላልኩም። በሌላ በኩል ማምጣት አይቻልም ነበር ወይ? ከመሬት በታችስ?

ሊሞ፦
ከመሬት በታች? ኧረ ተው! መሬት ላይ ሆኖ እንኳ ውሉ ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። በ2020 ዋናው ተቋራጭ ጥሎ ሲወጣ ሥራው እንዴት እንደተንጠለጠለ ረሳኸው?

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ከባቡሩ ጋር የታገለው ያንተ ዓይነቱ ሳይክለኛ ብቻ አልነበረም። መስመሩ የኮሎምቢያ ካንትሪ ክለብን የጎልፍ ሜዳ መሃል ለመሃል ይሰነጥቀዋል። ክለቡ ሲቃወም ኖሮ በ2013 ሐዲዱ ትንሽ ፈቀቅ እንዲልለት ተስማምቶ ዝም አለ። መስመሩ ዳር ያለችው የቼቪ ቼዝ ከተማ ባለሥልጣን የሚያግባባላት ሰው (ሎቢስት) ቀጠረች። በ2016 አንድ የፌዴራል ዳኛ የፕሮጀክቱን ፈቃድ ሰረዘው፣ በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መለሰው። «ትሬይሉን አድኑ» ከሚለው ውስጥ ስንቱ ሳይክል እንዳለው እንጃ።

እማማ፦
ልጆቼ፣ እኔ በእግሬ ነው የምሄደው። ሳይክለኛም መልአክ አይደለም። ከቤተስዳ በታች ያለው አስፋልት ላይ በሰዓት 15 ማይል ነው የተባለው ፍጥነቱ፣ ማን ያየዋል። አንዱ ከኋላዬ «ኦን ዩር ሌፍት!» (በግራሽ ልለፍ ማለቱ ነው) ብሎ ሲጮህ «ሌፍት» የምትለዋን ብቻ ሰምቼ ወደ ግራ ዘለልኩ። እሱ ሳሩ ውስጥ ገባ፣ እኔ ዱብ አልኩ፣ ሁለታችንም ይቅርታ ተባባልን። አሁን ደግሞ የኤሌክትሪኩ ሳይክል መጥቷል። አዲሱ መንገድ ባንድ ጎኑ ባቡር ከሆነ ወዴት ነው የምንዘለው? ቨርጂኒያ ያለው ደብሊው ኤንድ ኦዲ፣ ያ 45 ማይል የሚሆነው የድሮ ባቡር መንገድ፣ ፎልስ ቸርች ውስጥ እግረኛውን ለብቻ ሳይክሉን ለብቻ አድርገውታል። እህቴ ጋ ስሄድ አይቻለሁ። ለኛ ምን ከለከላቸው?

ፔዳል፦
እማማ፣ እውነትዎን ነው። ደወል የማይደውል ሳይክለኛ እኔንም ያናድደኛል። ለኛ ያቀዱት 12 ጫማ ስፋት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ጋሪ የሚገፋው፣ ሯጩ፣ ውሻ የያዘው ሁሉ እዚያው ላይ ነው።

ፌንተን ሰፈር፦
እስካሁን ስሰማ ነበር። እኔ ወደ ሌሊት ሺፍት አደላለሁ። የድሮው መንገድ እኮ ሲልቨር ስፕሪንግ አይደርስም ነበር። ሊተንስቪል ላይ ያበቃና መኪና መንገድ ላይ ይጥልሃል። ሊተንስቪል በ1853 አንድ ነፃ ጥቁር ሰው መሬት ገዝቶ የቆረቆረው ሰፈር ነው፤ ያማረው ጥላ ቼቪ ቼዝ ቀረ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሕዝብ ራሱን ይቻል ተባለ ማለት ነው። አዲሱ ትሬይል አስፋልት ሆኖ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮ ድረስ ነው የታቀደው። ኮኔቲከት አቬኑንም መብራት ሳትጠብቅ በድልድይ ትሻገራለህ። ፔዳል ይሄን ዘለልከው።

ሊሞ ደግሞ የራስህን ክርክር እስከ መጨረሻው ውሰደው። መሬቱ የተገዛው ለሁለቱም ነው አልክ አይደል? እንግዲያው ቤተስዳ ያለው ዋሻስ? የሳይክሉን ዋሻ ባቡሩ ወሰደው። ለሳይክል ሌላ ዋሻ ይሠራል ሲባል ከርሞ በጀት በመጣ ቁጥር ይገፋል። 7 ማይሉ አስፋልትና ወደኛ የሚመጣው መንገድ የሚገናኙት እዚያ ነው። ባቡሩ ድርሻውን ካገኘ ትሬይሉስ?

ሊሞ፦
ዋሻው እኮ ውድ ነው። ዊስኮንሲን አቬኑን ከላይ መብራት ጠብቆ መሻገር ምን ይጎዳል?

እማማ፦
ስድስት ሌይን በዚህ ጉልበቴ?

ሊሞ፦
እሺ እማማ፣ ለእርስዎ ሲባል ይቆፈር። ግን ለካውንቲው ምክር ቤት ማን ይነግረዋል?

ፌንተን ሰፈር፦
እኛ ነና። ካውንቲው ለኛ ወረቀት በአማርኛ እያተመ ይልክልናል፣ እኛ ግን መልሰን ጽፈን አናውቅም። ሁለት ነገር ብቻ የያዘ ደብዳቤ አዘጋጃለሁ። አንደኛ፣ የዋሻው በጀት እንዳይገፋ። ሁለተኛ፣ የትኛውም የትሬይል ቁራጭ አስፋልቱ እንዳለቀ እንዲከፈት፣ ባቡሩ እስኪመረቅ ተብሎ አጥር ውስጥ እንዳይቆይ። የእማማ የእግረኛ መስመር በሦስተኛ ይግባ?

ፔዳል፦
ይግባ። እኔ እፈርማለሁ።

ሌሊት ሺፍት፦
እኔም። ግን «ዋሻው እስኪያልቅ ባቡሩ ይቆይ» የምትል ነገር ውስጡ ካየሁ ስሜን አስወጣለሁ።

ፔዳል፦
እንደዚያ አይባልም። ከፈለግሽ እሷን መስመር ራስሽ ጻፊያት።