የድንክ አዞው ዕቅድ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ጸሐፊ (ለገጣፎ)፦ ሰላም ለሁላችሁም። በስብሰባው የተነሳውን ሐሳብ ረቂቅ አድርጌዋለሁ። በኮንጎ ተፋሰስ ደኖች ድንክ አዞ በሕገወጥ መንገድ እየታደነ ይሸጣል። ርዝመቱ ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም። ቆዳው አጥንት የበዛበት ስለሆነ ለጫማና ለቦርሳ ብዙም አይፈለግም፤ የሚታደነው ለሥጋው ነው። ረቂቁ፣ ለየአገራቱ መንግሥታት ደብዳቤ ጽፈን አዳኞቹ እንዲቀጡ እንጠይቅ ይላል።

የሱሉልታ አባል፦ እህቴ፣ ድካምሽን አደንቃለሁ። ግን አዳኙ ላይ ብቻ መጮህ ልክ አይመስለኝም። ሌሊት በባትሪ የዓይኑን ብልጭታ አይቶ የሚይዘው የመንደር ሰው ነው። ዋናው ገንዘብ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። አፉን በገመድ ይጠመጥሙታል፣ እግሮቹን የፊጥኝ ያስሩታል፣ በሕይወት እያለ ጀልባ ላይ ይከምሩታል። ሳይበላ ሳምንታት ስለሚቆይ ፍሪጅ አያስፈልግም። ጥንካሬው ለነጋዴው ተመቸ። አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው። ስለዚህ ዕቅዳችን ማጓጓዙ ላይ ያነጣጥር።

ገንዘብ ያዥ፦ እኛን ምን አገባን የሚል አባል መኖሩ አይቀርም። ድንክ አዞ እኛ አገር የለም። ያለን የጫሞና የአባያው ትልቁ አዞ ነው። ሥጋውንም አንበላም። ከመዋጮው ወጪ ሲደረግ ምን ብዬ ላስረዳ?

የሱሉልታ አባል፦ ጋሼ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። የሚያገባን በቦሌ በኩል ነው። ድንክ አዞ ካለባቸው አገሮች፣ ከኪንሻሳ፣ ከብራዛቪል፣ ከዱዋላ ተነስቶ ቦሌ ላይ አውሮፕላን የሚቀይር መንገደኛ ብዙ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ሻርል ደጎል ኤርፖርት ላይ ከአፍሪካ የመጡ 134 መንገደኞች ተፈትሸው ነበር። 9ኙ በድምሩ 188 ኪሎ የዱር ሥጋ ይዘው ተገኙ፤ የአዞ ሥጋም ነበረበት። ድንክ አዞ ደግሞ በሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን በሚቆጣጠረው ስምምነት፣ አባሪ 1 የተመዘገበ ነው፤ ለንግድ ድንበር ማሻገር ክልክል ነው። ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት።

መምህርት (ሰንዳፋ)፦ እንዲህ ከሆነ ደብዳቤው ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ይጻፍ። ሻንጣ ለሚፈትሹ ሠራተኞች የሚሆን ባለሥዕል ካርድ እናዘጋጅ። በጭስ የደረቀ ሥጋ ጠቁሮ የምኑ እንደሆነ አይለይም። የጀርባው ቅርፊት ከተረፈ ግን ሥዕል ያየ ሰው ያውቀዋል። ሥዕሉን እኔ እሠራለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለካርድ ከሆነ እስማማለሁ። ግን ባለሥልጣኑ ሳይፈቅድ ማተሚያ ቤት አንሄድም። ሦስት ዋጋ አምጡልኝ።

ጸሐፊ፦ የቅጣቱን አንቀጽ አውጥቼ የካርዱን አስገባለሁ። መምህርት፣ ንድፉን እስከ ሐሙስ ላኪልኝ፤ ከደብዳቤው ጋር አያይዘዋለሁ።