ጥቆማ፦ የተንቀረፈፈ ኮምፒውተር ደብረ ብርሃን ላይ ማን ጋ ይወሰድ?

ለቸኮለ ሰው መልሱ ይሄ ነው። የጎደለው ራም (ማሽኑ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት) ከሆነ እዚሁ ደብረ ብርሃን ግዙ። ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ቦታ የሚገባ ፈጣን ማስቀመጫ) ከሆነ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ፈልጉ። ማሽኑን ሳያይ «ፎርማት ይደረግ»፣ ማለትም ሁሉም ጠፍቶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን፣ የሚላችሁን ደግሞ አመስግናችሁ ውጡ።

ፎርማት ላይ ቂም አለኝ። ለአንድ ዴስክቶፕ ሦስት ጊዜ ከፍያለሁ። በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ጥይት ይሆናል። ከዚያ ክሮም ይጫናል፣ ቴሌግራም ይጫናል፣ ልጆቹ ጌም ያስገባሉ፤ ተመልሶ ያው። ሦስተኛው ላይ ነው የነቃሁት። ፎርማት ራም አይጨምርም። 4 ጂቢ ይዞ የገባ ማሽን 4 ጂቢ ይዞ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ አምስት ደቂቃ ስጡት። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ ግቡና እንደ ወትሮው ሥራችሁን ሥሩ። ዎርዱም ይከፈት፣ ክሮሙም ይከፈት። ሜሞሪው 90 ከመቶ አካባቢ ተጣብቆ ከቀረ ራም አንሷችኋል። ሜሞሪው ግማሽ ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 ላይ ከተሰቀለ ችግሩ ሃርድ ዲስኩ ጋ ነው።

ሰው የሚሳሳተው ሁለቱም ሲሞሉ ነው። ራም የወጥ ቤት መደብ ነው በሉት፤ ዲስኩ ደግሞ ጓዳው። መደቡ ሲጠብ ሽንኩርቱም በርበሬውም ጓዳ እየገባ እየወጣ ነው ወጡ የሚሠራው። ዊንዶውስም እንደዚያ ነው። ራም ሲሞላበት ትርፉን ዲስኩ ላይ ያስቀምጣል፤ ሲፈልገው መልሶ ያመጣል። ዲስኩ ከራም ጋር ሲወዳደር እጅግ ቀርፋፋ ስለሆነ ማሽኑ ደርቆ ይቀራል። ያቺ የዲስክ መብራት ሳትጠፋ ትበራለች። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ራሙን ነው መጨመር።

እዚያው ሜሞሪ የሚለው ገጽ ላይ ሁለት ነገር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። አንደኛው ስንት ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ነው። ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው። 1333 ወይም 1600 ካለ አብዛኛውን ጊዜ ዲዲአር3 የሚባለው የቆየ የራም ዓይነት ነው። ከ2133 እስከ 3200 ከሆነ ዲዲአር4 ነው። ይቺን ፎቶ ሳልይዝ መርካቶ ሄጄ 8 ጂቢ ዲዲአር4 ገዛሁ። 130 ኪሎ ሜትር ተመልሼ ልገጥም ስል እምቢ አለ። የእኔ ማሽን ዲዲአር3 ነው ለካ። ራሙ የሚሰካበት ጠርዝ ላይ ያለችው ክፍተት ቦታዋ በሁለቱ ይለያያል፤ ብትገፉም አይገባም። አትግፉት።

አሁን ወደ ሱቆቹ።

ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉትን ጥገና ቤቶች ለላፕቶፕ እመርጣቸዋለሁ። ቀኑን ሙሉ የተማሪ ላፕቶፕ ሲፈቱ ስለሚውሉ እጃቸው ፈጥኗል። ከተበላሹ ማሽኖች የወጣ ያገለገለ ራምም አያጡም። ያገለገለ ራም አያስፈራችሁ፤ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ግን እዚያው ፊታችሁ ይገጠም። ስታርት ላይ «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» ብላችሁ ፈልጉ፤ ማሽኑ ተነሥቶ ራሱን ይፈትሻል። ጊዜ ይወስዳል። ቡና ጠጡ እንጂ ሳይጨርስ ገንዘብ አትስጡ። ላፕቶፓችሁ ዲዲአር3 ከሆነ «ኤል» ያለበት ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የኤሉ በ1.35 ቮልት ይሠራል፤ ተራው 1.5 ይፈልጋል፤ የኤሉን ብቻ የሚቀበሉ ላፕቶፖች አሉ። ራማቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ቀጫጭን ላፕቶፖችም አሉና ከመክፈላችሁ በፊት አስከፍታችሁ እዩት።

ከተማው መሐል ፎቶ ኮፒና ጥገና አብረው የሚሠሩት ለዴስክቶፕ አይከፉም። ፓወር ሰፕላይ፣ ኬብል፣ ዩፒኤስ ባትሪ እነሱ ጋ ነው። ወረፋ ስለሚበዛባቸው ግን «ትተኸው ሂድ፣ ነገ ና» ይላሉ። ፎርማት የሚወለደው እዚህ ነው። ትታችሁ መሄድ ግድ ከሆነ የራሙንና የዲስኩን ተለጣፊ ጽሑፍ ፎቶ አንሱ። ባለሱቁ ሲያያችሁ ቅር አይበለው፤ ለሁለታችሁም ነው የሚጠቅመው።

ቤት ድረስ የሚመጣ ልጅ ሌላው አማራጭ ነው። ለእነ እትዬ፣ ዴስክቶፕ ተሸክመው ባጃጅ ለማይሳፈሩት፣ እሱ ይሻላል። አንድ ጊዜ ግን አቧራውን እንዲያጸዳ የመጣ ልጅ ራሙን አውልቆ በደንብ ሳይመልሰው ሄደና ማሽኑ እየጮኸ አልነሣ አለ። አውጥቼ በንጹሕ ማጥፊያ ላጲስ ጫፉን ጠረግሁ፤ «ቀጭ» እስኪል መለስኩት፤ ተነሣ። ስትሞክሩት መብራቱን ከሶኬት ንቀሉ።

ኤስኤስዲን ለምን ከአዲስ አበባ አልኩ? ምርጫው ይሰፋል፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ይገኛል። ያገለገለ ኤስኤስዲ እንደ ራሙ አይደለም፤ በተጻፈበት ቁጥር ዕድሜው ይቀንሳል። የትም ግዙት የት፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫኑና ስንት ሰዓት እንደሠራ እዩ። አዲስ የተባለው በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ካሳየ አዲስ አይደለም። 256 ጂቢ ለቤት ይበቃል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ሲያነብ ሳታ የሚባለው ዓይነት ኤስኤስዲ ወደ 500 ይጠጋል። ትንንሽ ፋይሎችን ፍለጋ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይወዳደሩም።

ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ ብጽፈው በሳምንቱ «ውሸታም» ትሉኛላችሁ። ሁለት ሱቅ ጠይቁ።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት የሚሠራም አለ። ታስክ ማኔጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለው ላይ አብረው የሚነሡትን አጥፉ። ሁለት አንቲቫይረስ ካለ አንዱን አንሱ፤ ዊንዶውስ የራሱ አለው። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ «ሜሞሪ ሴቨር» አለ፤ አብሩት። «ራም ቡስተር» የሚባሉትን አትንኩ፤ ራሳቸው ራም ይበላሉ።

ከጠየቃችሁኝ ውስጥ፦

«8 ጂቢ አስገጥሜ ለውጥ አላየሁም» ላልከው ወንድሜ፦ እኔም ደርሶብኛል። «ዚስ ፒሲ» ላይ በቀኝ ተጫንና «ፕሮፐርቲስ» እይ። 8 ጂቢ ብሎ በቅንፍ 3 ምናምን «ዩዚብል» ካለህ ዊንዶውስህ ባለ 32 ቢት ነው። ከ4 ጂቢ በላይ አይጠቀምም። ለእኔ የጫነልኝ ቤት ያረጀች ፍላሽ ነበረችው፤ ለሁሉ ሰው እሷን ነው የሚሰካ። ወደ 64 ቢት ለመሄድ እንደ አዲስ መጫን ግድ ነው። አዎ፣ ፎርማት። እስኪ ሳቁብኝ። ፋይልህን ግን አስቀድመህ አውጣ፣ ፓወር ግዕዝ ካለህም መጫኛውን አስቀምጥ።

ከመሐል ሜዳ ለጻፍሽው መምህርት፦ ለአንቺ ከራሙ ጋር ኤስኤስዲውንም እመክራለሁ፤ ምክንያቱ ከፍታው ነው። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ጭንቅላት ሳህኑን ሳይነካ የሚንሳፈፈው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ይወርዳል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ አምራቾች ዲስኩ እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ እንዲሠራ ብቻ የሚፈቅዱት። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ደብረ ብርሃንም ብትሆን 2,800 አካባቢ ናት። እዚያ የሚሠሩ ዲስኮች ሞልተዋል፣ ነገ ይሞታል ማለቴ አይደለም። ግን የፈተና ጥያቄና የተማሪ ውጤት ያለበትን ዲስክ ድንበሩ ላይ አታስቀምጪው። ኤስኤስዲ የሚንሳፈፍ ነገር የለውም።

ሸዋ ሮቢት ያለኸው፦ ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት የሚንቀረፈፍ ከሆነ ራም አይመስለኝም። ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፋኑን አስጠርግ፣ በፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ፔስት) አስቀይር። ፍራሽ ላይ አታስቀምጠው።

ዊንዶውስ 11 ለጠየቃችሁ፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው በጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው። 11 በትንሹ 4 ጂቢ ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ዲዲአር3 ያላቸው አሮጌ ማሽኖች አብዛኞቹ ቲፒኤሙ ላይ ይወድቃሉ። በአቋራጭ እንጭናለን የሚሉ አሉ፤ 4 ጂቢ ላይ ግን መከራ ነው። ለእንደዚህ ያለው ማሽን በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነጻውን ሊኑክስ ሚንት ሞክሩ። 2 ጂቢ ላይ ይነሣል፣ 4 ቢሆን ይመረጣል፤ የአማርኛ ኪቦርድም አለው። ከፍላሽ ሳትጭኑ መሞከር ይቻላል። ከተማው ውስጥ የሚጭንላችሁ ብዙ የለም፤ የኮምፒውተር ተማሪ ፈልጉ።

ሱቆቹን በስም የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ያቺ ከመርካቶ ያመጣኋት ዲዲአር4 ግን እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለች። 8 ጂቢ፣ 2400፣ የዴስክቶፕ። የሚሆነው ሰው ካለ በዲዲአር3 እቀይራለሁ።