ፀሐይ ላይ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ ምንድነው?

ጥያቄ፦ ፊልተር ባለው ቴሌስኮፕ ፀሐይን ሳይ የዝንብ ኩስ የሚያክሉ ጥቁር ነገሮች አየሁ፣ ሌንሱ የቆሸሸ መስሎኝ ሁሉ ጠረግኩት 😂 ፀሐይ እየጠፋች ነው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ አትጠፋም! እዛ ቦታ ላይ ማግኔቲክ ፊልዱ (የማግኔት ኃይሉ) በጣም ስለሚጠነክር ከውስጥ የሚፈላው ሙቀት እንዳይወጣ ያፍነዋል፣ ዙሪያው 5500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን እሱ ወደ 3500 ይወርዳል፣ ጥቁር የመሰለህ ከጎኑ ካለው ጋር ሲተያይ ነው እንጂ ለብቻው ቢወጣ ዓይን ያጠፋል። ደሞ የዝንብ ኩስ ያልከው መሬትን ሊያክል ይችላል።

መልስ፦ የሚገርመው ነጠብጣቡ ሲበዛ ፀሐይ እንደውም ትንሽ ትደምቃለች፣ አጠገቡ ያሉት ብሩህ ቦታዎች ያካክሱታል። በ11 ዓመት ገደማ ይበዛል ይቀንሳል።

ጠያቂው፦ እኛንስ ይነካናል?

መልስ፦ እዛ አካባቢ ፍንዳታ ሲነሳ ጂፒኤስና ሬዲዮ ይረብሻል፣ እ.ኤ.አ. በ1859 የቴሌግራፍ ማሽን ብልጭታ እስኪተፋ አድርሶታል። ፊልተሩን ብቻ እንዳታወልቀው!